ከጭነቱ ቀድሞ የሚደርስ ሰነድ፦ የድንበር ተሻጋሪ አጓጓዦች የጉምሩክ ዲክላራሲዮን

ከጅቡቲ ወደብ ወደ ኢትዮጵያ የሚጓዝ የጭነት ተሽከርካሪ ድንበር ከመርገጡ በፊት ስለ ጭነቱ የተሰጠው መግለጫ ሊቀድመው ይገባል። ምን እንደተጫነ፣ ማን እንደላከው፣ ማን እንደሚረከበውና በየትኛው መሥመር እንደሚያልፍ የሚያስረዳው ይህ መግለጫ በጉምሩክ አጠራር ዲክላራሲዮን ይባላል። መግለጫውና ጭነቱ ከተስማሙ ተሽከርካሪው ጉዞውን ይቀጥላል። አንድ የኮንቴይነር ቁጥር ወይም የክብደት አኀዝ ከተለያየ ግን ሹፌሩ ኬላ ላይ ሊቆም፣ ማዳበሪያው ከዘር ወቅት ሊዘገይ፣ ነጋዴውም ለቆመበት ቀን ተጨማሪ ወጪ ሊያወጣ ይችላል።

የጉዳዩ ክብደት በይበልጥ የሚያርፈው በአጓጓዡ ላይ ነው። ዕቃውን የገዛው አስመጪው፣ ያሸገው ላኪው፣ ሰነዱን የሚያዘጋጀው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የጉምሩክ አስተላላፊው ነው። ሹፌሩ ሲጫን ያላየውን፣ ታሽጎ የተረከበውን ኮንቴይነር በስሙ ፈርሞ ይወስዳል። ከዚያች ፊርማ በኋላ ጭነቱን እንደተረከበው ማስረከብ የእርሱና የተሽከርካሪው ባለቤት ኃላፊነት ይኾናል። ስለዚህ ዲክላራሲዮን ለአጓጓዡ የቢሮ ወረቀት ብቻ ሳይኾን የንብረቱና የነጻነቱ ዋስትና ጭምር ነው።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ቀደም ባለው ጊዜ የጉምሩክ ሥራ ዋነኛ ጥያቄ «ምን ያህል ቀረጥ ይከፈላል?» የሚል ነበር። ዕቃው ደርሶ፣ ተራግፎና ተቆጥሮ ቀረጡ ይተመን ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2001 በአሜሪካ ከተፈጸመው የሽብር ጥቃት በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ ቀደመ፤ «የሚመጣው ምንድን ነው? የላከውስ ማን ነው?» የሚል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣችው ደንብ ወደ ሀገሯ የሚሄድ ኮንቴይነር በውጭ ወደብ መርከብ ላይ ከመጫኑ 24 ሰዓት በፊት ዝርዝሩ እንዲቀርብላት ጠየቀች። የዓለም ጉምሩክ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2005 የዓለም ንግድን ደኅንነት ለመጠበቅና ለማቀላጠፍ የሚያስችል የጋራ ማዕቀፍ አጸደቀ። ከማዕቀፉ መሠረታዊ ነጥቦች አንዱ የጭነት መረጃ አስቀድሞ በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲቀርብ ማድረግ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ይህንኑ አሠራር በየማጓጓዣው ዓይነት ሰዓት ወስኖለታል። ረጅም የባሕር ጉዞ የሚያደርግ ኮንቴይነር ወደ ኅብረቱ ግዛት በሚያስገባው መርከብ ላይ ከመጫኑ ቢያንስ 24 ሰዓት በፊት፣ በመኪና የሚገባ ጭነት ደግሞ ድንበር ላይ ከመድረሱ ቢያንስ 1 ሰዓት በፊት መግለጫው መቅረብ አለበት። በመኪና በሚገባ ጭነት ረገድ መግለጫውን የማቅረብ ግዴታ የተጣለው በአጓጓዡ ላይ ነው። ሌላ ሰው ወክሎት ሊያቀርብለት ቢችልም ያለ መግለጫ መግባት የለበትም። ብሪታንያም ከአውሮፓ ኅብረት በሚገቡ ዕቃዎች ላይ ተመሳሳይ የደኅንነት መግለጫ እ.ኤ.አ. ከጥር 31 ቀን 2025 ጀምሮ አስገዳጅ አድርጋለች።

ይህ ሕግ ለኢትዮጵያ ገበሬ ሩቅ አይደለም። በጅቡቲ በኩል ወደ አውሮፓ የሚላክ የቡና ኮንቴይነርም በዚሁ የ24 ሰዓት ግዴታ ውስጥ ያልፋል። የላኪው ወይም የተረካቢው መረጃ ተሟልቶ ካልቀረበ ኮንቴይነሩ መርከቡ ላይ ላይጫን ይችላል።

የደኅንነት መግለጫና የቀረጥ ዲክላራሲዮን

ሁለቱ ሰነዶች ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። የደኅንነት ወይም የቅድመ ጭነት መግለጫ ዓላማው ጭነቱ ከመድረሱ በፊት የስጋት ደረጃውን መመዘን ነው። የቀረጥ ዲክላራሲዮን ደግሞ የዕቃውን ዋጋ፣ የታሪፍ ቁጥርና የተሠራበትን ሀገር መሠረት አድርጎ የሚከፈለውን ቀረጥና ታክስ ይወስናል። የመጀመሪያው በአመዛኙ የአጓጓዡ፣ ሁለተኛው የአስመጪው ኃላፊነት ነው። ቀረጥ የማይከፈልበት ዕቃ እንኳ ምንነቱ ከመገለጽ ነጻ አይኾንም።

በመካከላቸው የትራንዚት ሰነድ አለ። የኢትዮጵያ ገቢ ዕቃ በአብዛኛው ቀረጥ የሚከፈልበት ድንበር ላይ ሳይኾን በሀገር ውስጥ ደረቅ ወደብ ወይም ጉምሩክ ጣቢያ ነው። ስለዚህ ከጅቡቲ እስከዚያ ድረስ ዕቃው ቀረጡ ሳይከፈልበት፣ በጉምሩክ ቁጥጥር ሥር ኾኖ ይጓዛል። በመሥመሩ ላይ «ቲ ዋን» በሚል ስም የሚታወቀው ሰነድ ይህን ጉዞ የሚሸፍነው ነው። የጉምሩክ ሥራ መሠረታዊ ሕግ የኾነው አዋጅ ቁጥር 859/2006ም የትራንዚት ዕቃ በጉምሩክ ቁጥጥር ሥር የሚጓዝበትን ሥርዓት ደንግጓል።

ከጅቡቲ እስከ ደረቅ ወደብ

ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም ወዲህ የባሕር በር የሌላት ሀገር ስትኾን አብዛኛው የገቢና የወጪ ንግዷ የሚተላለፈው በጅቡቲ ነው። በመኪና የሚጓዘው ጭነት ዋና መግቢያ ጋላፊ ነው። ከዚያ በሰመራ በኩል ሚሌ ይደርሳል። ከሚሌ አንደኛው መንገድ በአዋሽ በኩል ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ሌላኛው በባቲ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ያመራል። በዐማራ ክልል ከኮምቦልቻ በተጨማሪ ወረታ ላይም ደረቅ ወደብ አለ።

በዚህ መሥመር የሚጓዝ ጭነት በጉምሩክ እሽግ ይዘጋል። የጉምሩክ ኮሚሽን የኤሌክትሮኒክ ጭነት መከታተያ ሥርዓትም ይጠቀማል። ኮንቴይነሩ ላይ የሚገጠመው መሣሪያ ተሽከርካሪው የት እንዳለ በሳተላይት እየተከታተለ ያሳውቃል። እሽጉ ሲከፈት ወይም ተሽከርካሪው ከተፈቀደለት መሥመር ሲወጣም ማስጠንቀቂያ ይልካል። በዚህ ምክንያት በመንገድ ላይ የሚደረግ ፍተሻ መቀነስ ይቻላል፤ ለአጓጓዡ ግን ያለ ምክንያት ከመሥመር መውጣት እንደ ቀድሞው ሳይታይ የሚያልፍ ነገር አይደለም።

ዲክላራሲዮኑ ከቀረበ በኋላ የጉምሩክ ሥርዓቱ ጭነቱን በስጋት ደረጃ ይመድበዋል። አረንጓዴ የደረሰው ያለ ፍተሻ ይለቀቃል፤ ቢጫ የደረሰው ሰነዱ ይመረመራል፤ ቀይ የደረሰው ዕቃው በአካል ይፈተሻል። ምደባው በዘፈቀደ ብቻ የሚደረግ አይደለም። የአስመጪው ያለፈ ታሪክ፣ የዕቃው ዓይነት፣ የተነሣበት ሀገርና የመግለጫው ጥራት ሁሉ ግምት ውስጥ ይገባሉ።

ስሕተት የሚበዛባቸው ቦታዎች

የመጀመሪያው የዕቃው መግለጫ ነው። «ልዩ ልዩ ዕቃ»፣ «መለዋወጫ» ወይም «የቤት ዕቃ» የሚሉ ጥቅል ቃላት የስጋት ምዘናን ያጨናግፋሉ። የአውሮፓ ኅብረት ሥርዓት እንዲህ ያሉ ጥቅል አገላለጾችን የማይቀበል ሲኾን ባለ 6 አኀዝ የታሪፍ ቁጥርም ይጠይቃል። «መለዋወጫ» ከማለት ይልቅ «የትራክተር የነዳጅ ማጣሪያ» ማለት ለፈታሹም ለአስመጪውም ጊዜ ይቆጥባል።

ሁለተኛው ክብደትና ብዛት ነው። ለምሳሌ 400 ኩንታል ማዳበሪያ የጫነ ተሽከርካሪ በ50 ኪሎ ግራም ከረጢት ቢቆጠር 800 ከረጢት ይይዛል። ሰነዱ 800 ብሎ የተጫነው 780 ከኾነ ልዩነቱ 10 ኩንታል ነው። ሹፌሩ ይህን ወደብ ላይ ካላስመዘገበ፣ ማስረከቢያው ቦታ ላይ የጎደለው ከእርሱ እጅ እንደጠፋ ይቆጠርበታል።

ሦስተኛው የመለያ ቁጥር ነው። የኮንቴይነር ቁጥር 4 የላቲን ፊደላትና 7 አኀዞች አሉት፤ የመጨረሻው አኀዝ ሌሎቹ በትክክል መጻፋቸውን ለማረጋገጥ የሚያገለግል ነው። የእሽጉ ቁጥር፣ የተሽከርካሪው ሰሌዳና የተሳቢው ሰሌዳ ለየብቻቸው መመዝገብ አለባቸው። ተሳቢ ተቀይሮ ሰነዱ ሳይታረም መንገድ መጀመር ለቀናት ሊያስቆም ይችላል።

አራተኛው ስምና ቀን ነው። የአስመጪው ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ በሁሉም ሰነዶች ላይ አንድ ዓይነት መኾን አለባቸው። የመርከብ ሰነዶች የሚጻፉት በአውሮፓውያን ዘመን አቆጣጠር ስለኾነ ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመልሱ የሚፈጠር ስሕተትም ሌላ ጥንቃቄ የሚሻ ነጥብ ነው።

አጓጓዡ ከመነሣቱ በፊትና በጉዞ ላይ

ሹፌሩ የታሸገ ኮንቴይነር ከፍቶ ማየት አይችልም፤ ከውጭ ማየት ግን ይችላል፣ ይገባዋልም። የእሽጉ ቁጥር ከሰነዱ ጋር መመሳሰሉን፣ እሽጉ ያልተነካ መኾኑን፣ የኮንቴይነሩ ማጠፊያዎች፣ ወለልና ጎኖች ያልተቆረጡ መኾናቸውን ይመልከት። ጉድለት ካየ ከመፈረሙ በፊት በሰነዱ ላይ በጽሑፍ ያስፍር። በቃል የተነገረ ቅሬታ ከድንበር በኋላ ማስረጃ አይኾንም። ነዳጅ የጫነ ቦቴም ቢኾን የእያንዳንዱ ክፍል እሽግ ለየብቻው መታየት አለበት።

በጉዞ ላይ ተሽከርካሪው ቢገለበጥ፣ ቢበላሽ ወይም እሽጉ በአደጋ ቢበጠስ ሹፌሩ ጭነቱን ወደ ሌላ መኪና በራሱ ፈቃድ ማዛወር የለበትም። ቅርብ ላለው የጉምሩክ ጣቢያ ወይም ፖሊስ አሳውቆ ኹኔታውን ማስመዝገብ ይኖርበታል። ያለ መዝገብ የተዛወረ ጭነት በቅን ልቡና የተደረገ ቢኾን እንኳ ከኮንትሮባንድ ለመለየት ያስቸግራል። ከሰነዱ ውጪ «አንዲት ካርቶን» አድርስልኝ የሚል ወዳጅም ኾነ ደንበኛ ሙሉውን ጭነትና ተሽከርካሪውን ጭምር ለአደጋ ያጋልጣል።

መድረሻ ላይ ደግሞ ጉዞው የሚያበቃው መኪናው ደረቅ ወደብ ሲገባ አይደለም። እሽጉ ተረጋግጦ፣ ዕቃው ተቆጥሮ ርክክቡ ሲመዘገብና የትራንዚት ሰነዱ ሲዘጋ ነው። ያልተዘጋ ሰነድ ለጉዞው በተያዘው ዋስትና ላይ ዕዳ ኾኖ ስለሚቆይ አጓጓዡ የርክክብ ማስረጃውን ሳይዝ መውጣት የለበትም።

ለአርሶ አደሩና ለከተማ ነዋሪው

ማዳበሪያ ጅቡቲ ደርሶ፣ በከረጢት ተሞልቶ፣ በመኪናና በባቡር ተጓጉዞ ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን የሚገባው ይህን ሁሉ ሰንሰለት አልፎ ነው። ክረምቱ ሰነድ እስኪታረም አይጠብቅም። የወደብ ማቆያና የኮንቴይነር መዘግየት ክፍያም ቢኾን መጀመሪያ በአስመጪው ኪስ፣ ቀጥሎ በሸማቹ ላይ የሚያርፍ ነው።

ከውጭ የእርሻ መሣሪያ፣ የውኃ መሳቢያ ሞተር ወይም የሱቅ ዕቃ የሚያስመጣ ማኅበርም ኾነ ግለሰብ ለአጓጓዡ ሊሰጠው የሚገባው ትልቁ እገዛ ትክክለኛ መረጃ ነው። የዕቃውን ሙሉ ስም፣ ብዛት፣ ክብደትና ዋጋ ከመግዣ ሰነዱ ጋር አስተያይቶ፣ ዕቃው መርከብ ላይ ከመጫኑ በፊት ለጉምሩክ አስተላላፊው ማቅረብ ይችላል። ዕቃው ገና ሳይጫን የተገኘ ስሕተት በአንድ የስልክ ጥሪ ሊታረም ይችላል። ጋላፊ ላይ የተገኘ ስሕተት ግን ሹፌሩን በበረሃ ሙቀት የሚያስቆም፣ ለባለ ዕቃውም የቀን ወጪ የሚቆጥር ነው።