ደረስጌ ማርያም

ደረስጌ ማርያም በስሜን ተራሮች ላይ፣ ከደባርቅ በስተደቡብ ምሥራቅ በዛሬው የጃናሞራ ወረዳ የምትገኝ ቤተ ክርስቲያን ናት። ያሠሯት የስሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሲሆኑ፣ ዘመነ መሳፍንትን የዘጋው ጦርነት የተደረገው በአካባቢዋ ነው። ከጦርነቱም በኋላ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ነው።

ደጃዝማች ውቤ በስሜን ላይ የነበረውን የአባታቸውን የደጃዝማች ኃይለ ማርያምን ግዛት ወረሱ። በ1823 ዓ.ም. የትግራዩ ገዥ ደጃዝማች ሰባጋዲስ በደብረ ዓባይ ከወደቁ በኋላም ትግራይን ጠቀለሉ። ወደ ባሕሩ የሚወስደውን መንገድ ስለያዙ ጠመንጃ በብዛት ማስገባት ቻሉ። በ1834 ዓ.ም. ጳጳሱን አቡነ ሰላማን ከግብፅ አስመጥተው፣ በጎንደሩ ንጉሠ ነገሥት ስም ይገዙ በነበሩት በራስ አሊ ላይ ዘመቱና ደብረ ታቦር ላይ ድል አደረጉ፤ ነገር ግን ድላቸውን በግብር ሲያከብሩ የራስ አሊ ወገኖች ድንገት ደርሰው ማረኳቸው። ከምርኮው ተፈትተው ወደ ግዛታቸው ቢመለሱም ዘውድ የመጫን ሐሳባቸውን አልተዉም። ደረስጌ ማርያምንም ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሊቀቡባት እንዳሠሯት በሰፊው ይነገራል።

ሥራውን የመሩት በ1829 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር ናቸው። የአገራቸው ሰው ሠዓሊው ኤድዋርድ ዛንደርም ረድተዋቸዋል። ባለሙያዎቹ የውጭ ሰዎች ይሁኑ እንጂ ቤቱ የተሠራው በአገሩ ሥርዓት ነው። ክብ ሆኖ በሦስት ይከፈላል፦ መዘምራን የሚቆሙበት ቅኔ ማኅሌት፣ ምእመናን የሚቆርቡበት ቅድስት፣ ከካህናት በቀር ማንም የማይገባበት መቅደስ። ሥዕሎቹ የሚታዩት በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው። ምእመኑ በቅድስቱ ውስጥ ግድግዳውን ይዞ ሲዞር ሥዕሉ ከፊቱ አይለይም፤ ፊደል ያልቆጠረውም ታሪኩን ከዚያ ያነባል።

ካሣ ኃይሉ በዚያ ዘመን ባላንጣዎቻቸውን በየተራ እየጣሉ ነበር። በ1845 ዓ.ም. የጎጃሙን ገዥ ደጃዝማች ጎሹን በጉር አምባ፣ ራስ አሊን በአይሻል ድል አደረጉ፤ በተከታዩ ዓመት ደጃዝማች ብሩ ጎሹን ማረኩ። ከዚያ በኋላ በሰሜኑ የቀሩት ውቤ ብቻ ነበሩ። ካሣ ከአቡነ ሰላማ ጋር የታረቁትም በዚሁ ጊዜ ነው። ጳጳሱ በውቤ ግዛት የሚያስተምሩትን የካቶሊክ ሚስዮናዊ ዴ ያቆቢስን አጥብቀው ይቃወሙ ነበርና፣ ካሣ ሚስዮናዊውን ከአገር ለማስወጣት ተስማሙ። ለጦርነቱ ውጤት የጠመንጃውን ያህል ይህ ስምምነት ከብዷል ማለት ይቻላል፤ በኢትዮጵያ ንጉሥን ቀብቶ የሚያነግሠው ጳጳሱ ነበርና።

ውጊያው በየካቲት 1847 ዓ.ም. መጀመሪያ ተደረገ። የውቤ ጦር ተሸነፈ፤ እርሳቸውም ቆስለው ተማረኩ። ካሣ ወደ ጎንደር እስኪመለሱ እንኳ አልጠበቁም። በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ከግብፅ ባስመጧቸው ጳጳስ እጅ ተቀብተው ነገሡ። የመረጡትም ስም በፍካሬ ኢየሱስ ትንቢት የሚጠበቀው ጻድቅ ንጉሥ ስም ነበር።

ውቤ ከዚያ በኋላ ረጅም ዘመን ታስረው በግዞት ሞቱ። ልጃቸው እቴጌ ጥሩወርቅ ግን የአፄ ቴዎድሮስ ሚስት ሆኑ። ከእርሳቸው የተወለዱት ልዑል ዓለማየሁ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ወደ እንግሊዝ ተወስደው በ1872 ዓ.ም. በዚያው አረፉ።

ጦርነትን በሕንፃ ማስታወስ በብዙ አገር የተለመደ ነው። በኒውዚላንድና በአውስትራሊያ የገጠር መንደሮች ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች በኋላ ለወደቁት ልጆቻቸው መታሰቢያ የመሰብሰቢያ አዳራሽ ሠርተዋል፤ ስብሰባው፣ ሠርጉ፣ ጭፈራው ሁሉ የሚደረገው እዚያ ነው። በክርስቲያኑ የኢትዮጵያ ገጠር የመሰብሰቢያነቱን አገልግሎት ሲሰጥ የኖረው የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ነው። የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሆኖ የተሠራውም በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ነው። ደረስጌ ማርያም ለመታሰቢያ ተብላ አልተሠራችም፤ መታሰቢያ ያደረጋት ጦርነቱ ነው። የአካባቢው ገበሬ ልጁን እዚያ ክርስትና ያስነሣል፤ በየወሩ በ21 የማርያምን በዓል ያከብራል፤ በሰንበቴው ጠላና ዳቦ ይቀምሳል፤ የተጣላው በቅጽሩ ይታረቃል፤ የሞተውም እዚያው ይቀበራል። የ1847ቱ ታሪክ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረው በዚህ የዘወትር አገልግሎት ውስጥ ስለሆነ፣ ሐውልት ሳያስፈልገው ቆይቷል።

በአካባቢው ሌላ የጦርነት መታሰቢያ ስም ወልቅፊት ነው። በደባርቅ አጠገብ፣ የሊማሊሞን መውረጃ ይዞ የመሸገው የኢጣሊያ ጦር በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ከተከበበ በኋላ መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ጎንደር ነፃ የወጣችው ከሁለት ወር በኋላ ነው።

ከደረስጌ ቅርሶች መካከል በተመራማሪዎች ዘንድ በይበልጥ የሚታወቀው በጎንደር ዘመን አሣሣል ያጌጠው የዮሐንስ ራእይ የብራና መጽሐፍ ነው። ተመሳሳዩ በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። ዶሮቴያ ማክኢዋን የተባሉ የታሪክ ተመራማሪም ስለ ቅጽሩ ሕንፃዎች፣ ሥዕሎችና ንዋያተ ቅድሳት ራሱን የቻለ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አሳትመዋል።