የድር አሳሽ ብልሽት አፈታት

የድር አሳሽ ብልሽት አፈታት ማለት የድር አሳሽ (በተለምዶ ብራውዘር የሚባለው ፕሮግራም) ገጽ አልከፍት ሲል፣ ሲዘገይ ወይም ያልተጠየቀ ነገር ሲያሳይ የችግሩን ምንጭ ደረጃ በደረጃ ለይቶ የማስተካከል ሥራ ነው። ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ኤጅ እና ኦፔራ በሰፊው ከሚታወቁት አሳሾች መካከል ናቸው። በኢትዮጵያ የፈተና ውጤት ማየት፣ የፓስፖርት ማመልከቻ ማስገባትና የዩኒቨርሲቲ ምዝገባ በአሳሽ በኩል ስለሚከናወኑ፣ ቀላል ብልሽት እንኳ ቀነ ገደብ ሊያሳልፍ ይችላል።

የችግሩን ቦታ መለየት

ችግሩ ከአራት ቦታዎች በአንዱ ሊገኝ ይችላል፦ በድረ ገጹ፣ በኢንተርኔት መስመሩ፣ በኮምፒዩተሩ ወይም በአሳሹ። ማንኛውንም ነገር ከመቀየር በፊት የሚከተሉትን መሞከር ይጠቅማል፦

* ሌላ ድረ ገጽ መክፈት። ሌሎቹ ተከፍተው አንዱ ብቻ እምቢ ካለና በስልክ በሌላ መስመርም ካልተከፈተ፣ ችግሩ ያለው በድረ ገጹ ሰርቨር ነው።
* በዚያው ዋይፋይ በሌላ መሣሪያ መሞከር። በሁሉም ካልሠራ ችግሩ የመስመሩ ነው።
* በዚያው ኮምፒዩተር በሌላ አሳሽ መሞከር። በሌላው ከሠራ ችግሩ የመጀመሪያው አሳሽ ነው፤ በሁለቱም ካልሠራ ወደ ኮምፒዩተሩ መመልከት ያስፈልጋል።

የሰርቨር ችግር የሚታወቀው ምሳሌ የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ የሚሆንበት ቀን ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ስለሚገቡ ገጹ ይዘጋል ወይም ባዶ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ጊዜ አሳሹን አጥፍቶ መጫን ምንም አይፈይድም፤ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ወይም ሌሊት መሞከር ይሻላል።

መስመሩ የሚቋረጥበት ምክንያትም ሁልጊዜ የቴክኒክ አይደለም። ከሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. የባሕር ዳርና የአዲስ አበባ ግድያዎች በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ በባሕር ዳርና በሌሎች የክልሉ ከተሞች የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጧል። እንዲህ ባለ ጊዜ ከኮምፒዩተሩ ጋር መታገል ድካም ብቻ ነው።

በሆቴል፣ በካፌ ወይም በግቢ ዋይፋይ ደግሞ ኮምፒዩተሩ «ተገናኝቷል» እያለ ገጽ የማይከፈተው መጀመሪያ የመግቢያ ገጽ ላይ ስምና የይለፍ ቃል መሙላት ስለሚጠይቅ ሊሆን ይችላል። የመግቢያ ገጹ በራሱ ካልመጣ ዋይፋዩን አቋርጦ እንደገና መገናኘት ብዙ ጊዜ ያመጣዋል።

የተሳሳተ ቀንና ሰዓት

አንድ ድረ ገጽ ማንነቱን የሚያረጋግጥበት ሰርተፍኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ከመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚሰጡ ሰርተፍኬቶች ዕድሜ ከ398 ቀን አይበልጥም። አሳሹ ቀኑን የሚያመሳክረው ከኮምፒዩተሩ ሰዓት ጋር ስለሆነ፣ ሰዓቱ ከተሳሳተ ደህና የሆነው ድረ ገጽ ሁሉ «ግንኙነቱ የግል አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ያመጣል። ይህ በሁለት መንገድ ይከሰታል።

የመጀመሪያው የባትሪ ማለቅ ነው። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባለ 3 ቮልት ባትሪ (ብዙ ጊዜ ሲአር2032) ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ ሰዓቱን ትጠብቃለች። ባትሪዋ ካለቀች መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ብዙ ዓመት ኋላ ይመለሳል። ቀኑን በየጊዜው ማስተካከል ጊዜያዊ መፍትሔ ሲሆን ዘላቂው ባትሪዋን መቀየር ነው።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ነው። የኢትዮጵያ ዓመት ከጎርጎርዮሳዊው በ7 ወይም በ8 ያንሳል። በ2025 እ.ኤ.አ. አንድ ሰው በኮምፒዩተሩ ላይ «2017» ብሎ ቢሞላ፣ አሳሹ ሰርተፍኬቶቹን ሁሉ ገና ወደፊት የሚጀምሩ አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ስለዚህ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚሞላው ቀን የግድ ጎርጎርዮሳዊ መሆን አለበት። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት በኮምፒዩተር 15፡00 ነው። በዊንዶውስ የሰዓት ክልል ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ ስለማይገኝ «ናይሮቢ» የሚለው ይመረጣል፤ ሁለቱ ከተሞች ሰዓታቸው አንድ ነው። ልዩነቱ የዓመታት ከሆነ ዊንዶውስ በኢንተርኔት ራሱ ላያርመው ስለሚችል በቅድሚያ በእጅ ማስተካከል ያስፈልጋል።

ቀንና ሰዓቱ ትክክል ሆኖ ማስጠንቀቂያው ከቀጠለ፣ በተለይ በባንክ ገጽ ወይም በሕዝብ ዋይፋይ ላይ፣ ማስጠንቀቂያውን አልፎ መግባት አደገኛ ነው፤ መሀል ላይ የገባ ሌላ ወገን ሊኖር ይችላል።

የግዕዝ ፊደል በሳጥን ሲታይ

የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ቅጽ 3.0 ተካቷል። በፊደሎቹ ፋንታ ባዶ ሳጥኖች ከታዩ ኮምፒዩተሩ ፊደሉን የያዘ ፎንት የለውም ማለት ነው። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ሲገኝ፣ በዊንዶውስ 10 ግን ኢብሪማ ይህን ሥራ ይሠራል። እንደ ዊንዶውስ ኤክስፒ ባሉ አሮጌ ሲስተሞች ላይ አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለውን ነፃ ፎንት መጫን ይበቃል።

ሳጥን ሳይሆን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ድብልቅ ከታየ ግን ገጹ የተጻፈው ከዩኒኮድ በፊት በነበረ ፎንት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የዩኒኮድ ፎንት መጫን አይረዳም፤ ጽሑፉ የተጻፈበት ፎንት ራሱ ያስፈልጋል።

መሸጎጫ፣ ኩኪና ቅጥያ

አሳሹ ገጾችን ቶሎ ለመክፈት የምስልና የፋይል ቅጂዎችን በመሸጎጫ ያስቀምጣል። ቅጂው ሲያረጅ ወይም በመስመር መቆራረጥ ሲበላሽ ገጹ ተዛብቶ ይታያል። ማጣራቱ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳል፦

1. ኮንትሮልና ኤፍ5ን አብሮ በመጫን ገጹን ከሰርቨሩ እንደ አዲስ ማምጣት።
2. ገጹን በግል መስኮት መክፈት። እዚያ ከሠራ ጥፋቱ የተቀመጠ ኩኪ ወይም የተጫነ ቅጥያ ነው።
3. ቅጥያዎችን ሁሉ አጥፍቶ አንድ በአንድ እየመለሱ ጥፋተኛውን መፈለግ።
4. ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዲሊትን አብሮ በመጫን የሚመጣውን መስኮት ተጠቅሞ መሸጎጫውን ማጽዳት።
5. ይህ ሁሉ ካልረዳ አሳሹን ወደ መጀመሪያ ቅንብሩ መመለስ።

ኩኪ ሲጸዳ ከተከፈቱ መለያዎች ሁሉ ያስወጣል። የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችም በዚያው መስኮት ሊሰረዙ ስለሚችሉ የተመረጠውን ዝርዝር አስቀድሞ ማየት ተገቢ ነው። መሸጎጫው ሲጸዳ ገጾች እንደ አዲስ ስለሚወርዱ በሞባይል ጥቅል ለሚጠቀም ሰው ዳታም ይፈጃል።

ያልተጠየቁ ማስታወቂያዎች

አሳሹ ተዘግቶ እንኳ በማያ ገጹ ጥግ የሚወጡ ማስታወቂያዎች ብዙውን ጊዜ ቫይረስ አይደሉም፤ ተጠቃሚው ቀደም ሲል ለአንድ ገጽ «ፍቀድ» ብሎ የሰጠው ፈቃድ ውጤት ናቸው። በአሳሹ ቅንብር ውስጥ የማሳወቂያ ፈቃዶችን ከፍቶ የማይታወቁትን መሰረዝ ያቆማቸዋል። የመነሻ ገጹ ወይም የመፈለጊያ ፕሮግራሙ በራሱ ከተቀየረ ግን ከነፃ ፕሮግራም ጋር ተደርቦ የገባ ነገር ሊኖር ስለሚችል በቅርብ የተጫኑ ፕሮግራሞችንና ቅጥያዎችን ማስወገድና ኮምፒዩተሩን በፀረ ቫይረስ ማስፈተሽ ያስፈልጋል።

ያረጀ ሲስተም

ለዊንዶውስ 7 የመጨረሻው ክሮም ቅጽ 109 ነው፤ ከየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጡት ቅጾች ቢያንስ ዊንዶውስ 10 ይጠይቃሉ። እንዲህ ባለ ኮምፒዩተር ላይ አዳዲስ ገጾች ተሰባብረው ቢታዩ መሸጎጫ ማጽዳት አይፈታውም። ማሽኑ አዲስ ዊንዶውስ የማይችል ከሆነ ቀለል ያለ የሊኑክስ ዓይነት መጫን፣ ያም ካልሆነ አስፈላጊውን ጉዳይ በስልክ መፈጸም አማራጭ ነው።