የጤፍ ኤፒላክና

የጤፍ ኤፒላክና (ክኖትሪባ ሲሚሊስ) የሰብል ቅጠል የሚበላ አፍሪካዊ ጥንዚዛ ነው። በሳይንስ የመዘገበው የሊኒየስ ደቀ መዝሙር የነበረው ስዊድናዊው ካርል ፒተር ቱንበርግ ሲሆን፣ ዘመኑም 1781 እ.ኤ.አ. ነው።

ምደባ፦ ክፍለ መደቡ ኮሊዮፕቴራ (ጥንዚዛዎች)፣ ቤተሰቡ ኮክሲኔሊዴ፣ ነገዱ ኤፒላክኒኒ ነው። አብዛኞቹ የቤተሰቡ አባላት ክሽክሽን የመሳሰሉ ተባዮችን አድነው ሲበሉ፣ የዚህ ነገድ ዝርያዎች ግን ዕፅዋት በል ናቸው።

የአካል አሠራር፦ አካሉ ራስ፣ ደረትና ሆድ ተብሎ ይከፈላል። ጀርባው እንደ ተደፋ ጽዋ ጎብጧል። ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው ሁለት ጠንካራ ክንፎች፣ ለመብረሪያ የሚያገለግሉትን ስስ ክንፎች ይሸፍናሉ። መንጋጋው ቅጠል ለመፋቅ የተሠራ፣ ብዙ ጥርስ ያለው ነው። ዕጩ ቅርንጫፋማ እሾህ ለብሷል፤ አራት ደረጃዎችን አልፎ ሙሽሬ ይሆናል።

ጉዳት፦ ጤፍን፣ ገብስንና ስንዴን ያጠቃል። የቅጠሉን አረንጓዴ ሥጋ ፍቆ ሲበላ ነጣ ያለ ሰንበር ይተዋል።

መለያ፦ እነዚህ ሰብሎች በሚዘሩባቸው በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ማሳዎች ነጠብጣባም ጥንዚዛ ሲገኝ ጀርባውን ቀርቦ ማየት ይበጃል። ኤፒላክና በደቃቅ ጸጉር ስለተሸፈነ ደብዘዝ ይላል፤ ክሽክሽ በሉ ዘመዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ልሙጥና አንጸባራቂ ነው። ይኸኛው የገበሬ ወዳጅ ስለሆነ አይገደልም።