የቆላው ሹም በመሀል አገር መንግሥት

ስለ ቴዎድሮስ ሲነሣ ሁላችንም ወደ መቅደላ እንሮጣለን። ሽጉጡ፣ አምባው፣ እንግሊዙ። በእኔ አስተያየት ግን ሰውየው የተሠራው ከመቅደላ እጅግ ርቆ፣ ዛሬ ምዕራብ ጎንደር በምንለው ቆላ ነው፤ ያውም ከመንገሡ በፊት፣ ለየጁዎች መንግሥት የዳር አገር ሹም ሆኖ ባሳለፋቸው ጥቂት ዓመታት። ይህን ዘመን ብዙ ጊዜ በሩጫ ነው የምናልፈው።

መጀመሪያ አገሩን እንወቀው። መተማ ያኔም ትልቅ ገበያ ነበረች። ከደጋው ቡና፣ ሰም፣ ዝባድ፣ ባሪያም ጭምር ይወርዳል፤ ከሱዳን ጥጥና ሸቀጥ ይወጣል። ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ መጥተው የሰፈሩት ተክሩሮች አንዴ ለጎንደር፣ አንዴ ለግብፅ፣ ሲብስም ለሁለቱም ይገብሩ ነበር። ምን ያድርጉ? ደጋው ደግሞ ቆላውን የሚያውቀው በንዳዱ ነው፤ ጦር ቢወርድ ከጠላት ይልቅ ትኩሳቱ ይፈጀዋል። ከመንግሥት ለተጣላ ሰው ታዲያ ከዚህ የተሻለ መሸሸጊያ የት ይገኛል!

ግብፆች በ1813 ዓ.ም. ስናርን ሲይዙ ያ ዳር አገር የጦር ግንባር ሆነ። የካሳ ዘመድ ደጃዝማች ክንፉ በ1829 ወድ ከልተቡ ላይ ድል አደረጓቸው። ክንፉ ሲሞቱ ግን ደምቢያ በእቴጌ መነን እጅ ገባ፤ ካሳም ቋራ ወርዶ ሸፈተ። ደጃዝማች ወንድይራድ የተባሉ ሹም «የኮሶ ሻጪዋን ልጅ ይዤ እመጣለሁ» ብለው ፎክረው ሲማረኩ፣ ካሳ ኮሶ አጠጣቸው ይባላል። እውነት ይሁን ተረት፣ ደጋው ቆለኛውን እንዴት ያይ እንደነበር ይነግረናል።

ሽፍታን ማሸነፍ ሲያቅት መሾም የአገራችን የቆየ ዘዴ ነው። ራስ ዓሊ ልጃቸውን ተዋበችን ዳሩለት። አልረጋም። በ1839 ጎንደር ገባ፤ እቴጌ መነንንም ማረከ። እሳቸውን ለማስለቀቅ ሲባል ክንፉ ይገዙት የነበረው፣ ከጣና በስተ ምዕራብና ሰሜን ያለው አገር ተሰጠው። አማችም ሹምም ሆነ እንግዲህ፤ የምዕራቡም በር በእጁ ነው።

በ1840 ሠራዊቱን ይዞ ከመተማ ባሻገር ሱዳን ምድር ወረደ። ዳባርቂ ላይ የጠበቁት ግብፆች በቁጥር ያንሱ ነበር። ግን ዘሪባ በሚሉት የእሾህ አጥር ውስጥ መሽገው፣ መድፍ ጠምደው ነው የጠበቁት። የካሳ ሰው በለመደው መንገድ እየፎከረ ሮጠባቸው፤ ረገፈ። ከ11 ዓመት በፊት ወድ ከልተቡ ላይ የሠራው ጀግንነት እዚህ አልሠራም። በመሳፍንቱ ዘንድ ይህ የአንድ ቆለኛ ሹም ሽንፈት ነበር፤ የአገር ሽንፈት አድርጎ የቆጠረው ካሳ ብቻ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ ወታደር ማሠልጠንና መድፍ ከሐሳቡ አልወጡም።

የቀረው በፍጥነት ነው የሆነው። ራስ ዓሊ ግዛቱን ለደጃዝማች ጎሹ ሲሰጡበት ወደ ቋራ ተመለሰ፤ ኅዳር 1845 ጉር አምባ ላይ ጎሹ ወደቁ። በዚያው ዓመት ሰኔ አይሻል ላይ ዓሊ ሸሹ። የካቲት 1847 ደረስጌ ማርያም ዘውድ ተጫነ፤ ካሳ ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ።

ንጉሡ የዳባርቂን ፍርሃት ይዘው ነው ዙፋን ላይ የወጡት። ጋፋት ላይ ሚሲዮናውያኑን መድፍ ያሠሩት፣ ጥቅምት 1855 ለንግሥት ቪክቶሪያ ስለ ቱርኮች የጻፉት ከዚሁ የተነሣ ነው። ፍርሃታቸው ትክክል ነበር እላለሁ፤ የሽፍትነቱን ጠባይ ግን አብረው ይዘውት ወጡ። መልስ ሲዘገይ ቆንስሉን አሰሩ፤ የተጠራጠሩትንም ባላባት እንደዚያው። ጦሩ የመጣባቸው በመተማ አልነበረም፤ በቀይ ባሕር በኩል፣ በዙላ ነው። ሚያዝያ 1860 መቅደላ ሲደርስ ከጎናቸው የቀረው ሰው ጥቂት ነበር።

የመድፉ ነገርም ከእሳቸው ጋር ቀረ። ከዳባርቂ 41 ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 1881፣ ዐፄ ዮሐንስ መተማ ወረዱ። ደርቡሾቹም ዘሪባ ውስጥ መሽገው ጠበቋቸው። ሠራዊታቸው በዚያው በለመደው መንገድ ሮጠ፤ አጥሩን ጥሶም ገባ፤ ንጉሡ ግን በጥይት ተመቱ።