አባይ ደጃችን አይደል? የዓመቱ ጉዟችን ወዴት ይሁን



ባለፈው ስብሰባችን ከማኅበራዊ ሣጥኑ ለአንድ ቀን ጉዞ ገንዘብ ይውጣ አይውጣ ብለን ስንከራከር አንዷ እህታችን ያለችውን ታስታውሳላችሁ። «ውሃ ለማየት ገንዘብ ይወጣል እንዴ? አባይ ደጃችን አይደል!» አለች። ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝና ገንዘብ በከንቱ ሲወጣ አልወድም።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን አፈርኩ። ባሕር ዳር ተወልጄ አድጌ ሠላሳ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ ጢስ አባይን በዓይኔ ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ይልቅ ፏፏቴውን የማውቀው በአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን በ1969 ዓ.ም. የወጣውን፣ ጥጉ የተበላውን የአንድ ብር ኖት እየቆጠርኩ በመቶ በመቶ ሳስር እውል ነበር። ስንቱን ጢስ አባይ በላስቲክ አሥሬዋለሁ! ሥዕሉ ምን እንደሆነ ግን ቆም ብዬ አላየሁትም።

ሌላም የሚያሳፍር ነገር አለ። አምና በጀልባ ወደ አንድ ገዳም ሄደን ከወደቡ የተመለስነውን አልረሳንም። ገዳሙ የወንዶች ነበር። መነኮሳቱ ሥርዓታቸውን ጠበቁ፤ ጥፋቱ ሳይጠይቅ የጀልባ ኪራይ የከፈለው የእኛው ኮሚቴ ነው፤ ከኮሚቴው አንዷ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ሃያ አራት ሴቶች ዳቦና ቆሏችንን ድንጋይ ላይ ተቀምጠን በልተን ተመለስን። በዚያ ምክንያት ነው ዘንድሮ አስቀድሜ ማንበብና መጠየቅ የጀመርኩት። ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ስለ ደሴቶቹ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ለሴት የተከለከሉ ናቸው። ለሴት ክፍት የሆኑት ግን ጥቂት አይደሉም፤ ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ፣ አባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ያለው ደብረ ማርያም፣ በዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሁሉ ለእኛ ክፍት ናቸው። ከሁሉም ይበልጥ ልቤን የነካው ግን ደቅ ደሴት ጋ ያለው ናርጋ ሥላሴ ነው። ምክንያቱም ያሠራችው ሴት ናት።

እቴጌ ምንትዋብ የቋራ ልጅ ነበረች። ባሏ አፄ በካፋ ሲሞት ልጇ ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ስለነበር፣ እሷም ዘውድ ጭና ከእሱ ጋር አገር አስተዳደረች። ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1730 ግድም ነው። ጎንደር አጠገብ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን፣ በጣና ላይ ደግሞ ናርጋ ሥላሴን አሠራች። በናርጋ ግድግዳ ላይ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ የተሣለችው ሴት እሷ ናት። ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ የአባይን ምንጭ ፍለጋ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ በቁስቋም ያስጠጋችውም እሷው ነበረች። ብሩስ አገሩ ሲመለስ ምንጩን ያገኘሁ እኔ ነኝ አለ። ነገር ግን ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የስፔን ቄስ ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ግሽ አባይን ያየው እ.ኤ.አ. በ1618 ነው፤ ከብሩስ መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ማለት ነው። የግሽ እናቶች ደግሞ ከሁለቱም በፊት ከዚያው ምንጭ ውሃ ይቀዱ ነበር። እነሱን ግን «አገኙ» ብሎ የጻፈላቸው የለም።

ወደ ጢስ አባይ ልምጣ። ከከተማችን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጢስ አባይ ከተማ ቁልቁል ሲወርዱ ፏፏቴው ጋ ከመድረስ በፊት የአላታ ድልድይ ይገኛል። ሰው «የፖርቹጋል ድልድይ» ይለዋል፤ ያሠራው ግን አፄ ሱስንዮስ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1626 ግድም ነው። አባይን በድንጋይ ድልድይ መሻገር የተጀመረው በዚህ ነው። ከዚያ በፊት ክረምት ሲገባ ጎጃምና በጌምድር ይቆራረጡ ነበር። ልጆች ሆነን «በእንቁላል የተሠራ ድልድይ» ሲባል ሰምተናል። ድንጋዩን ያያያዘው ግን ኖራ ነው፤ የኖራው ሙያም በዚያው በሱስንዮስ ዘመን ከህንድ ከመጡ ባለሙያዎች ጋር የገባ ነው። የእንቁላሉን ነገር ሳስብ ግን አንድ ጥያቄ አይለቀኝም። በገጠር ዶሮ የማን ናት? የሴቷ ናት። እንቁላል ሸጣ ጨው የምትገዛው እሷ ናት። እውነት ያ ሁሉ እንቁላል ወጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ከማን ቤት እንደወጣ የመዘገበ አልነበረም ማለት ነው። እንቁላል ባይሆን እንኳ ግንበኛው እንጀራ በልቷል፤ ጠላም ጠጥቷል። በእኔ ሙያ እንዲህ ያለው ወጪው ታይቶ ገቢው ከማን እንደመጣ ያልተጻፈበት መዝገብ ይባላል።

ከአላታ በታች፣ ወደ ሞጣ በኩል፣ ሌላ የጥንት ድልድይ አለ፤ ሰባራ ድልድይ ይባላል። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ገበያተኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ወዲህና ወዲያ ማዶ የቆሙ ወንዶች እየጎተቱት ከገደሉ በላይ ይሻገር ነበር። እናቶቻችን እህል ለመሸጥ እንዲህ አድርገው ተሻግረዋል። እኛ ዛሬ በከተማችን 380 ሜትር በሚረዝመውና በ2016 ዓ.ም. በተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ ላይ በባጃጅ ስናልፍ ይህን ማስታወስ ይገባናል።

ስለ ፏፏቴው ብዙ ሰው «ድሮ ቀረ፤ አሁን ውሃው አንሷል» ይላል። ውሃው ሙሉ ሲሆን ወርዱ እስከ 400 ሜትር፣ ከፍታውም 45 ሜትር ያህል ይደርስ እንደነበር እውነት ነው። ግን ውሃው የት ሄደ? የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሁለተኛው በ2001 ሥራ ጀመሩ፤ የፏፏቴው ውሃ ወደ ጣቢያው ዞረ። በጣሊያን የጦር ካሣ እ.ኤ.አ. በ1961 የተከፈተው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችን፣ ከእኛ መካከል የስንቶቻችን እናቶች ደመወዝ የወጣበት ፋብሪካ፣ ያለ መብራት አይሽከረከርም። እንጀራ ጋግረው የሚሸጡት አባሎቻችን ምጣድም እንደዚያው። ስለዚህ ከፏፏቴው የጎደለው ውሃ በከፊል ቤታችን ገብቷል፤ ከእናቶቻችን ጀርባ ላይ የማገዶ ሸክም ቀንሷል። ይህን ሳስብ ማዘኔም ማመስገኔም እኩል ይሆናል። ደግነቱ ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ውሃው ዛሬም ጢስ ያስነሣል።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ናርጋ በጀልባ በአንድ መንገድ ብቻ ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ጡት የሚያጠቡ አባላት ስላሉን ለዘንድሮ አይሆንም። ለሚቀጥለው ዓመት ግን ከአሁኑ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እንቆጥብ። ዘንድሮ በጥቅምት አንድ እሑድ በኪራይ መኪና ጢስ አባይ እንሂድ። ምሳችንን ከቤት እንያዝ፤ ቡናውን ግን እዚያ ካሉት ሴቶች እንግዛ፤ እነሱም እንደ እኛ ናቸው። ቁልቁለቱ ድንጋያማ ስለሆነ ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉ። እትዬዎቻችን ጉልበታቸው የማይችል ከሆነ ከፏፏቴው በላይ በጀልባ የሚሻገሩበት አጭር መንገድ አለ፤ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። የመኪናውን፣ የመግቢያውንና የጀልባውን ዋጋም ለየብቻ ጽፌ በሚቀጥለው ስብሰባ አቀርባለሁ።

«ውሃ ለማየት ገንዘብ ይወጣል እንዴ?» ላለችው እህታችን መልሴ እንዲህ ነው። የምናየው ውሃውን ብቻ አይደለም፤ እናቶቻችን የተሻገሩትን ነው። ልጆቻችን ሲጠይቁን በብር ኖት ላይ ካየነው ሌላ የምንነግራቸው ይኑረን። ድምፅ የምንሰጠው በሚቀጥለው ስብሰባ ነውና ሁላችሁም እንድትገኙ በእህትነት እጠይቃለሁ።

ቸር ያገናኘን።