የትምህርት ዕዳና የደመወዝ ሚዛን



በየመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ መክፈያ ቅጽ ላይ፣ ከሥራ ግብርና ከጡረታ መዋጮ አጠገብ «ወጪ መጋራት» የሚል ተቀናሽ ያያችሁ ብዙዎች ናችሁ። ይህች አንዲት መሥመር ከኋላዋ ረጅም ታሪክ አላት። ዛሬ ስለ እርስዋ ጥቂት እናወጋለን።

በቀድሞው ዘመን የተማሪን ስንቅ የሚችለው አገሬው ነበር። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጃፉ እየለመነ ይማር ነበር። ትምህርቱን ሲፈጽም ግን ማንም ገንዘብ አልጠየቀውም። በድቁና፣ በቅስና፣ ወይም ወንበር ዘርግቶ በማስተማር ላበላው ሕዝብ ውለታውን ይመልሳል። ዕዳው አገልግሎት ነበር ማለት ነው።

ይኸው አሳብ በዘመናዊው ትምህርት ውስጥም ቀጠለ። በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት እየወጡ እንዲያገለግሉ የሚያዝዘው «የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» ሥራ ላይ ዋለ። አብዛኞቹም በየገጠሩ ከተማ በአስተማሪነት አገለገሉ። በዚህ ጊዜም ቢሆን ዕዳው የሚከፈለው በሥራ ነበር።

ዕዳው በብር መቈጠር የጀመረው በ1995 ዓ.ም. በወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅና የወጪ መጋራት ደንብ ነው። እንዲህ ያለውን ሥርዓት አውስትራሊያ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1989 ጀምራው ነበር፤ ተማሪው አስቀድሞ ሳይከፍል ይማራል፤ ደመወዝ ሲያገኝ ከገቢው ላይ ይቀነሳል። በእኛም ደንብ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ ተወሰነ። አከፋፈሉም ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቀነሰ፣ ከ15 ዓመት ሳይበልጥ እንዲሆን ተደነገገ።

እንግዲህ ወደ ደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር፣ ወደ ሚዛን ተፈሪና ወደ ቴፒ እንሻገር። በ1999 ዓ.ም. የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ፤ በቴፒው ግቢም የምሕንድስና ትምህርት ይሰጣል። በ2001 ዓ.ም. ገደማም መንግሥት ከመቶው ተማሪ 70ው የሳይንስና የቴክኖሎጂ ትምህርት እንዲከተል በማቀዱ፣ በመላው አገር መሐንዲስ ለመሆን የሚመዘገበው ወጣት በረከተ። ከቡና ገበሬው ቤት የወጣ ልጅም የኬሚካል ምሕንድስና ለመማር ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሊሄድ ይችላል። ትምህርቱ አምስት ዓመት ያህል ይፈጃል። የቡና ችግኝ እንኳ በሦስትና በአራት ዓመት ፍሬ ይሰጣል። በእነዚያ ዓመታት በጥቅምትና በኅዳር ቀይ ቡና ሲለቀም የልጁ እጅ ከቤት ጐድሏል፤ ይህም በማናቸውም ውል ላይ ያልተጻፈ ዕዳ ነው።

አባቱ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ቢል ይፈረድበታልን? እስቲ በቍጥር እንመዝነው። ለምሳሌ ያህል የልጁ ዕዳ 36,000 ብር፣ ደመወዙ 6,000 ብር ነው እንበል፤ ሌላ ጭማሪም የለ። በወር 600 ብር ሲቀነስ ዕዳው በ60 ወር ያልቃል፤ ይኸውም የተማረውን ያህል አምስት ዓመት ነው። ይኸው ሰው በሙያው ሥራ አጥቶ በ3,000 ብር ሌላ ሥራ ቢይዝ ግን 10 ዓመት ይፈጅበታል። ዕዳው አልጨመረም፤ የተለወጠው ሥራው ብቻ ነው። ጨርሶ ሥራ ያላገኘው ደግሞ የሚቀነስበት ደመወዝ የለውም፤ ነገር ግን ዕዳው ሳይከፈል ዋናው የዲግሪ ወረቀት ስለማይሰጠው፣ ጊዜያዊ ምስክር ወረቀት ይዞ ይንከራተታል።

ስለዚህ የነገሩ ቍልፍ ያለው በዕዳው ልክ ላይ ሳይሆን በሥራው መገኘት ላይ ነው። የኬሚካል መሐንዲስ የሚቀጥሩት የስኳር፣ የሲሚንቶ፣ የሳሙና፣ የቆዳና የመድኃኒት ፋብሪካዎች ናቸው። በኦሞ ሸለቆ ከተተከሉት የኩራዝ ስኳር ፋብሪካዎች በቀር፣ አብዛኞቹ ከዚህ የቡና አገር ሩቅ ናቸው። ቡናውም ከበበቃና ከቴፒ እርሻዎች፣ ከገበሬውም ጓሮ ሳይቈላ ይወጣል።

ይሁን እንጂ ሙያው በዚያ አገር የሚሠራው ሥራ አጥቶ አይደለም። እሸት ቡና ከተፈለፈለ በኋላ ፍሬውን የለበሰው ሙጫ መሰል ነገር በገንዳ ውስጥ እንዲብላላ ይደረጋል፤ ቀጥሎም ይታጠብና በአልጋ ላይ ይደርቃል። መብላላቱ ቢያልፍ ቡናው ይኰመጥጣል፤ በሚገባ ሳይደርቅ ቢከማች ይሻግታል። የታጠበበት ውሃ ሳይጣራ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ ደግሞ የወንዙን ኦክሲጅን ይጨርስና ዓሣውን ይገድላል፤ ከታች ውሃ የሚቀዳውንም ሕዝብ ይጐዳል። ይህን ሁሉ መለካትና ማስተካከል የኬሚካል መሐንዲስ ተግባር ነው። ሥራው አለ፤ የጐደለው የሥራ መደቡና ደመወዙ ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ ከእናንተ መካከል ልጁን ዘንድሮ ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጅ ወላጅ ቢኖር፣ «ዕዳው ስንት ነው?» ብሎ ብቻ አይጠይቅ። «ደመወዙ ስንት ይሆናል? ሥራውስ በየትኛው አገር ይገኛል? ከዕዳው ሌላ ቤታችን በአምስቱ ዓመት ምን ይጐድልበታል?» ብሎ ይጨምርበት። በጀትና መዋቅር የምታዘጋጁትም ባለሥልጣኖችና ሠራተኞች፣ የቆሎ ተማሪን ዕዳ ቀላል ያደረገው የሚያገለግልበት ደብር መኖሩ እንደ ነበረ አትርሱ። ለመሐንዲሱም በቡናው ማጠቢያ አጠገብ አንድ መደብ ቢከፈትለት፣ የራሱንም የአገሩንም ዕዳ በአንድ ጊዜ ይከፍላል።