ከዶሮ ደረት የተጀመረ ታሪክ

«ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው አድገናል። የዚህን ተረት እውነተኛነት ከሚያስረዱት ነገሮች አንዱ የነቀርሳ (የካንሰር) ምርምር ታሪክ ስለ ሆነ፥ ለውድ አንባቢያን በአጭሩ ላቀርበው እወዳለሁ። ዓመታቱ፥ የእኛ ነው ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1909 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ ወደሚገኘው የሮክፌለር የምርምር ተቋም ደረቷ ላይ እብጠት የወጣባት አንዲት ዶሮ መጣች። ፔይተን ራውስ የተባለው ወጣት ሐኪም እብጠቱን ቆርጦ ፈጨው፤ ጭማቂውንም ሴልም ሆነ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጥለያ አጠለለው። በተጣራው ፈሳሽ ጤነኞቹን ዶሮዎች ቢወጋቸው እነርሱም ያንኑ ነቀርሳ አበቀሉ። እንግዲህ በማጥለያው ያለፈው ነገር ከባክቴሪያ እጅግ ያነሰ፥ ዛሬ ቫይረስ የምንለው ነበረ። ራውስ ይህን በ1911 ዓ.ም. ቢያሳትምም ብዙዎቹ የዘመኑ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። በአይጥ ላይ ሞክሮም ስላልተሳካለት ጉዳዩን ለብዙ ዓመታት ተወው።

በሌላ በኩል፥ በስኮትላንድ አገር በግላስጎ ከተማ የሚኖር ጆርጅ ቢትሰን የተባለ ሐኪም፥ የጡት ነቀርሳ ከጸናባት ሴት ዕንቁላል የሚያፈሩትን ሁለት ዕጢዎች ቢያወጣ የጡቷ እብጠት እየሟሸሸ መሄዱን በ1896 ዓ.ም. ገለጸ። ምክንያቱን ግን ማንም ሊያስረዳ አልቻለም፤ ሆርሞን የሚለው ቃል እንኳ ገና አልወጣም ነበርና። በ1941 ዓ.ም. በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ቻርልስ ሀጊንስ የወንድ ሆርሞን የፕሮስቴትን ነቀርሳ እንደሚያፋፋው፥ ሆርሞኑ ሲቋረጥም ነቀርሳው እንደሚኮሰምን አሳየ። ከዓመታት በኋላ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ኤልውድ ጄንሰን የሴትን ሆርሞን በራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ምልክት አድርጎ መንገዱን ቢከታተል፥ እንደ ማኅፀን ባሉ ብልቶች ውስጥ ሆርሞኑን ይዞ የሚያስቀር ተቀባይ እንዳለ ተረዳ። ሆርሞኑ እንደ ቁልፍ፥ ተቀባዩም እንደ ጓጉንቸር ነው፤ ቁልፉ ሲገባ ሴሉ እንዲባዛ ትእዛዝ ይደርሰዋል። ስለዚህ ተቀባይ ያለው የጡት ነቀርሳ እንደ ታሞክሲፌን ባለ ጓጉንቸሩን በሚዘጋ መድኃኒት ይታከማል፤ ተቀባይ የሌለው ግን በዚህ አይጠቀምም።

በ1966 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ለራውስና ለሀጊንስ ባንድነት ተሰጠ። ራውስ በዚያን ጊዜ የ87 ዓመት ሽማግሌ ነበር፤ ስለ ዶሮዋ ከጻፈ 55 ዓመት ሆኖት ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን አፍሪካም ተመልካች ብቻ አልነበረችም። ዴኒስ በርኪት የተባለ ሐኪም በኡጋንዳ ሕፃናት መንጋጋ ላይ የሚወጣውን ነቀርሳ በ1958 ዓ.ም. ገለጸ። ከዚያው የተላከው ናሙና በለንደን ሲመረመር በ1964 ዓ.ም. ኤፕስታይንና ባልደረቦቹ በውስጡ ቫይረስ አገኙ። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ጀርመናዊው ሐራልድ ሱር ሐውዘን በማኅፀን በር ነቀርሳ ውስጥ የፓፒሎማ ቫይረስ አንዱን ዓይነት ለይቶ አወጣ። ይህ ቫይረስ የሴልን መባዛት የሚገቱትን ፕሮቲኖች ያሰናክላል። ሆርሞን ፈረሱን እንደሚያስጋልብ አለንጋ ቢሆን፥ ቫይረሱ ልጓሙን እንደሚፈታ ሌባ ነው። ሆኖም ቫይረሱ የያዘው ሰው ሁሉ በነቀርሳ አይታመምም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ያስወግደዋል። አደጋው ለብዙ ዓመታት ሳይወጣ ሲቀር ነው።

ከዚህ ዕውቀት የተገኘው ክትባት በ2006 ዓ.ም. ለሕዝብ ቀረበ። በአገራችንም በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ዕድሜያቸው 14 ዓመት ለሆነ ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ።

እንግዲህ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሆይ! ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማር። አንደኛ፥ ሌሎች የናቁትን ጥያቄ አንናቅ፤ ከአንዲት ዶሮ ደረት የወጣው ጥያቄ ዛሬ ብዙ እናቶችን ከሞት የሚያድን ሆኗልና። ሁለተኛ፥ የክትባት ቀን ሲደርስ እኅቶቻችን በወሬ ተደናግረው እንዳይቀሩ እኛው የተማርነው እናስረዳቸው። ዕውቀት ለቤተ ሰብ ካልደረሰ በደብተር ውስጥ የተቀበረ ሀብት ነው።